ክፍል እየጠረገ የተማረው አብራሪ፦ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ከሊደታ እስከ ጉለሌ

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ሲቃረብ በስልካችን ከሚዘዋወሩት ፎቶዎች አንዱ የአንድ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ነው። ስሙ ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ይባላል። ከፎቶው ሥር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ተጽፎ እናገኛለን። አንደኛው በጣሊያን ወረራ ጊዜ የጠላትን አውሮፕላኖች እየመታ ጥሏል የሚል ነው። ሁለተኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድን የመሠረተው እሱ ነው ይላል። ሁለቱም ልብ ያሞቃሉ። ሁለቱም ግን እውነት አይደሉም።

ወሬ ሲደርሰን ሳናጣራ እንዳናስተላልፍ ዲናችን አዞናል። ወሬው ስለምንወደው ሰው መልካም የሚናገር በሚሆንበት ጊዜም ይህ ትእዛዝ አይነሳም። ደግሞም ሮቢንሰን ያልሠራው ሥራ የሚጨመርለት ሰው አይደለም፤ የሠራው በራሱ ከበቂ በላይ ነው። ታሪኩም ለመርካቶ ሰው ከሚታሰበው በላይ ቅርብ ነው። ከአንዋር መስጊድ ተነስተን ወደ ደቡብ ምዕራብ ብንወርድ ብዙም ሳንርቅ ዛሬ አሮጌው ኤርፖርት የምንለውን ሰፈር እናገኛለን፤ የድሮው የሊደታ አውሮፕላን ማረፊያ እዚያ ነበር። ወደ ሰሜን ብንወጣ ደግሞ ጉለሌ ነው፤ ሰውየው የተቀበረው እዚያ ነው። መርካቶ በሁለቱ መካከል ናት። መርካቶ ራሷ እንዴት እንደተወለደች ስናይም፣ ይህን ሰው ከአሜሪካ ያስነሳው በደልና ይህን ገበያ እዚህ ያስቀመጠው እጅ አንድ ዓይነት ሆነው እናገኛቸዋለን። ወደዚያ እንደርሳለን።

የአገራችንን ጉዳይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የውጭውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እናስቀምጣለን።

በሩ የተዘጋበት ወጣት

ጆን ቻርልስ ሮቢንሰን የተወለደው በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፍሎሪዳ ውስጥ ካራቤል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው፤ ያደገው ግን በሚሲሲፒ፣ ጋልፍፖርት ነው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ደቡብ ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት አይማሩም፣ በአንድ ፉርጎ አይቀመጡም፣ ከአንድ ቧንቧ አይጠጡም ነበር። ይህ የጥቂት ክፉ ሰዎች ልማድ ሳይሆን በሕግ የተጻፈ ነበር።

ሮቢንሰን ጥቁሮች በሚማሩበት በታወቀው የተስኪጊ ተቋም ገብቶ የመኪና ጥገና ተማረ፤ በ1924 ጨረሰ። ከዚያም እንደ ብዙ የዘመኑ ጥቁሮች ወደ ሰሜን ተሰደደና በመካኒክነት መሥራት ጀመረ። እጁ የተባረከ ባለሙያ ነበር። ልቡ ግን አውሮፕላን ላይ ነበር።

ቺካጎ ውስጥ ከርቲስ ራይት የሚባል የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ነበር። ሮቢንሰን አመለከተ፤ በቆዳው ቀለም ምክንያት አልተቀበሉትም። እንደገና ቢሞክርም መልሱ ያው ነበር። በዚህ ጊዜ ሌላ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ጋራዡ ይመለሳል ወይም ከሰማይ ጋር ይጣላል። ሮቢንሰን ግን እዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረ። ተማሪ ሆኖ መግባት የተከለከለበትን ክፍል መጥረጊያ ይዞ ገባበት። መምህሩ ስለ ሞተርና ስለ ክንፍ ሲያስረዳ እሱ ወለል እየጠረገ ያዳምጣል፤ የሰማውን ይዞ ይሄድና ከጓደኞቹ ጋር ያጠናዋል።

ከጓደኞቹ ዋናው ኮርኔሊየስ ኮፊ ነው፤ እሱም ጥቁር፣ እሱም መካኒክ። ሁለቱ ተባብረው ትንሽ አውሮፕላን በገዛ እጃቸው ገጣጠሙ። ምናለሽ ተራ ከአሮጌ በርሜል ምድጃና ባልዲ ሲወጣ እያየ ያደገ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ መሣሪያ የሌለው ሰው ያለውን ይዞ ይሠራል። ሥራቸውን ያየ አንድ የትምህርት ቤቱ መምህር ተደነቀና ጉዳያቸውን ያዘላቸው። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ። ሮቢንሰንና ኮፊ በ1931 ከዚያ ትምህርት ቤት ተመረቁ፤ ቀጥሎም ሮቢንሰን በዚያው ተቋም ለጥቁር ተማሪዎች አስተማሪ ሆነ። ያ የጠረገው ክፍል የሚያስተምርበት ክፍል ሆነ ማለት ነው።

ይህ የሮቢንሰን ብቻ ታሪክ አልነበረም። ከእሱ በፊት ቤሲ ኮልማን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት የሚቀበላት ትምህርት ቤት በአገሯ ስታጣ ፈረንሳይኛ ተምራ ፈረንሳይ ድረስ ሄዳለች፤ የአብራሪነት ፈቃዷን ያገኘችው እዚያ በ1921 ነው። እኛ ሙስሊሞች የበረራ ታሪክ ሲነሳ የኮርዶባውን ዐባስ ኢብን ፊርናስን በኩራት እንጠቅሳለን፤ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ክንፍ ሠርቶ እንደተወረወረ በአንዳሉስ ታሪክ ጸሐፊዎች ተመዝግቧል። መጥቀሱ መልካም ነው። ነገር ግን ኢብን ፊርናስ ከተነሳ በኋላ ስለ ሮቢንሰንና ስለ ኮልማን ዝም ማለታችን አይገባንም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመሰናበቻ ኹጥባቸው ነጭ በጥቁር ላይ ብልጫ እንደሌለው ተናግረዋል፤ ቢላልም ከዚህችው ሐበሻ የተገኘ ሰው ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የኛም ጉዳይ ነው።

ሮቢንሰን ለብቻው መብረር አልበቃውም። ከኮፊና ከሌሎች ጋር የጥቁር አብራሪዎች ማኅበር አቋቋመ። የነጮቹ ማረፊያ ሜዳዎች ስለማይቀበሏቸውም በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች ከተማ የራሳቸውን ሜዳ ድንጋይ እየለቀሙ ደለደሉ። አውሎ ነፋስ መጥቶ ማቆያውንና አውሮፕላኖቹን አወደመባቸው፤ ሌላ ቦታ ፈልገው ቀጠሉ። በ1934 ደግሞ ወደ ቀድሞ ትምህርት ቤቱ ተስኪጊ በአውሮፕላን ሄዶ የበረራ ትምህርት እንዲጀምሩ ጠየቀ። ያኔ አልተሳካም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን ተስኪጊ የታወቁት ጥቁር ተዋጊ አብራሪዎች መፍለቂያ ሆነ፤ ዛሬ አንዳንድ ጸሐፊዎች ሮቢንሰንን የእነዚያ አብራሪዎች አባት የሚሉት ለዚህ ነው።

አዲስ አበባ የደረሰው ጥሪ

በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ሰማይ አውሮፕላን አዲስ ነገር አልነበረም፤ ብዙ ነበር ለማለት ግን አይቻልም። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25 የተባለ ፈረንሳይ ሠራሽ፣ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ክንፉ በላይና በታች ድርብ የሆነ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ፊትን ለነፋስ የሚያጋልጥ ነበር። በዓመቱ ገደማ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለፈቃድ በቁ፦ አባቱ ሩሲያዊ እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆነው ሚሽካ ባቢቼፍ እና አስፋው ዓሊ። ዓሊ የሚለውን የአባት ስም ያዩ ወንድሞች የኛ ሰው ነበር ወይ ብለው ይጠይቁናል። በወሎና በሌሎች አካባቢዎች ክርስቲያኑ የሙስሊም፣ ሙስሊሙ የክርስቲያን ስም ይዞ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ በስም ብቻ የማንንም ሃይማኖት አንወስንም። ከእነሱ በኋላ ሌሎችም ሠለጠኑ፤ ወይዘሮ ሙሉእመቤት እምሩ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት አብራሪ ተብላ ትታወቃለች።

ከሮቢንሰን በፊት ሌላ ጥቁር አብራሪም መጥቶ ነበር። ሁበርት ጁሊያን ይባላል፤ በትሪኒዳድ የተወለደ፣ በኒው ዮርክ ሃርለም ስሙ የገነነ፣ ከጥበቡ ወሬው የበዛ ሰው ነበር። በ1922 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከአውሮፕላን በጃንጥላ ዘሎ ንጉሡን አስደነቀ፤ ለዘውድ በዓሉ ዝግጅት ሲደረግ ግን ንጉሡ የሚሳሱለትን አዲስ አውሮፕላን አብርሮ ከሰከሰው። ከአገር ተሸኘ። ይህን የምናነሳው ለቀልድ አይደለም። በኋላ ሮቢንሰን ሲመጣ ሰዎች በጥርጣሬ ዓይን ያዩት አንዱ ምክንያት ይህ ስለነበር ነው።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ ተኩስ ተከፈተ። ከኢትዮጵያ ወገን ከተሰለፉት መካከል በሶማሌ አገር ጣሊያንን ሲወጋ የኖረው ዑመር ሰመተር ይገኝበታል፤ በዚህ ጦርነት የሙስሊሙን ድርሻ የሚፈልግ ሰው ከወልወል መጀመር ይችላል። ጦርነት እንደሚመጣ ግልጽ ሆነ። በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን በሚገኘው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠና የነበረው መላኩ በያን፣ የንጉሡ ዘመድ፣ በጥቁር አሜሪካውያን መካከል ለኢትዮጵያ ባለሙያ ይፈልግ ነበር። የጥቁር ጋዜጦች የዜና አገልግሎት ኃላፊ የነበረው ክላውድ ባርኔት ከሮቢንሰን ጋር አገናኘው።

ሮቢንሰን አላመነታም። መንግሥቱ ግን ዜጎቹ በሌላ አገር ጦርነት እንዳይሰለፉ ከልክሎ ስለነበር በግልጽ ወታደር ሆኖ መውጣት አይችልም ነበር። በዝምታ ተነስቶ ግንቦት 1927 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የሰለጠነ በሚባለው ዓለም የመንግሥታቱ ማኅበር እያመነታ፣ ታላላቆቹ አገሮች የመሣሪያ ሽያጭ እየከለከሉ ሳለ፣ ይህ በገዛ አገሩ ትምህርት ቤት የተከለከለ ሰው ቺካጎ ያለውን ሥራውንና አውሮፕላኑን ትቶ መጣ። ያ ሁበርት ጁሊያንም ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ ሁለቱ አዲስ አበባ ውስጥ በቡጢ እስከ መደባደብ ደረሱ። ጁሊያን ከአውሮፕላን ርቆ ወደ አምቦ ተላከ፤ ሮቢንሰን ግን የትንሿ የአየር ኃይል አዛዥ ሆኖ ተሾመ።

መሣሪያ የሌለው አውሮፕላን ምን ይሠራል?

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ወሬ ይወድቃል። ሮቢንሰን የተረከባቸው አውሮፕላኖች ከሁለት ደርዘን አይበልጡም ነበር። ሁሉም የሚበሩ አልነበሩም፤ መለዋወጫ የለም፣ ነዳጅ ከባሕር ማዶ ነው፣ ዓይነታቸውም ከፈረንሳዩ ፖቴዝ እስከ ጀርመኑ ዩንከርስ ተበታትኖ የአንዱ ዕቃ ለሌላው አይገጥምም። ከሁሉም በላይ ለአየር ውጊያ የሚሆን መሣሪያ አልነበራቸውም። ጣሊያን በበኩሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ቦምብ ጣዮችና ተዋጊዎች አሰልፏል። ስለዚህ በዚያ ጦርነት የአየር ለአየር ውጊያ የሚባል ነገር አልነበረም። አንዱ ወገን ብቻ ነበር የሚተኩሰው።

ታዲያ ሮቢንሰን ምን ሠራ? ከአዲስ አበባ ደሴ በበቅሎ ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስድ ነበር። በፖቴዝ ግን ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ስልክና ሽቦ አልባ መሣሪያ በቂ ባልሆነበት፣ መንገድ በክረምት በሚቆረጥበት አገር፣ የንጉሡን ትእዛዝ ለራሶቹ፣ የራሶቹን ወሬ ለንጉሡ የሚያደርስ ፈጣን መልእክተኛ ማለት አብራሪው ነበር። መልእክት ያደርሳል፤ መድኃኒት ይጭናል፤ ቁስለኛ ያወጣል፤ ባለሥልጣን ያመላልሳል፤ የጠላትን አሰላለፍ ከላይ አይቶ ይመለሳል። ንጉሠ ነገሥቱን ራሳቸውንም ይዞ በሯል። ይህ ሥራ ለፊልም አይመችም፤ ያለ ጠመንጃ የሚሠራ በመሆኑ ግን ከተኳሹ ሥራ የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል ብንል አላጋነንንም።

የአገሩ አቀማመጥም ራሱን የቻለ ጠላት ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም የሚደገፈው በአየር ስለሆነ መነሳት ይከብደዋል። በባሕር ዳርቻ ሜዳ ላይ በአጭር ሩጫ የሚነሳ አውሮፕላን እዚህ ረዥም ሜዳ ይፈልጋል፤ ጭነቱም መቀነስ አለበት። በዚያ ላይ የአየር ሁኔታ ትንበያ የለም፣ አስተማማኝ ካርታ የለም፣ በደመና ውስጥ የተደበቀ ተራራ ግን በሽ ነው። ሮቢንሰን ይህንኑ ደመናና ተራራ መደበቂያ አደረገው። የጣሊያን ተዋጊ ሲያሳድደው ወደ ደመናው ይገባል ወይም ሸለቆ ለሸለቆ ዝቅ ብሎ ይሸሻል። ሌላ መከላከያ አልነበረውም።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን መረብን ሲሻገር ሮቢንሰን መልእክት ይዞ አድዋ ላይ ነበር። ቦምብ በከተማዋ ላይ ሲዘንብ፣ ሕዝቡ መሸሸጊያ አጥቶ ሲበታተን በዓይኑ አየ፤ ያየውንም በባርኔት የዜና አገልግሎት በኩል ለጥቁር አሜሪካ ጋዜጦች አስተላለፈ። ኅዳር ላይ ደሴ ተደበደበች። ጣሊያን የመርዝ ጋዝም ከሰማይ ማርከፍከፍ ጀመረ፤ ያ ጋዝ ቆዳን ይልጣል፣ ዓይንን ያጠፋል፣ የምንጭና የወንዝ ውሃን ይበክላል። የሐኪም ጓዝ ወደ ግንባር የሚያደርሱት ጥቂት አብራሪዎች ነበሩ። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በአምቡላንስ አውሮፕላን የሠራውም በዚሁ ጊዜ ነው፤ ይህን ስም ያዙት፣ ተመልሶ ይመጣል።

መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የሆነው ሆነ። አውሮፕላኖቹም አንድ በአንድ አለቁ። ሮቢንሰን ጣሊያን አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት ወጥቶ በግንቦት ኒው ዮርክ ደረሰ። በሃርለምና በቺካጎ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በእልልታ ተቀበለው። ጋዜጦች ቡናማው ኮንዶር የሚል ስም አወጡለት፤ ኮንዶር በአሜሪካ ተራሮች ላይ የሚኖር ክንፉ ሰፊ የሆነ ትልቅ አሞራ ነው። እሱ ግን ከጭብጨባው ብዙም ሳይቆይ ወደ ለመደው ሥራ ተመለሰ፤ ቺካጎ ላይ የበረራና የመካኒክነት ትምህርት ቤት ከፈተ።

በቀለም የተከፈለች ከተማ

ሮቢንሰን በሌለበት ጊዜ አዲስ አበባ ተለወጠች። ከወረራው በፊት ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን ከተማዋን በቀለም ለመክፈል ዕቅድ አወጣ፤ መሐሉ ለነጭ፣ ምዕራቡ ለአገሬው ሰው። ገበያውንም ከአራዳ አንስቶ ወደ ምዕራብ አዛወረውና በቋንቋው መርካቶ ኢንዲጄኖ አለው፤ የአገሬው ሰው ገበያ ማለት ነው። ነጩ የሚገበይበት ሌላ፣ ጥቁሩ የሚገበይበት ሌላ። አዲስ ከተማ የሚለውም ስም ከዚሁ ጋር የመጣ ነው። ዛሬ በኩራት የምንጠራት መርካቶ፣ ኢንዲጄኖ የሚለው ቃል ወድቆላት የቀረች ናት። አባቶቻችን ቦታውን በግድ ተቀበሉ፤ ያደረጉበትን ግን ራሳቸው ያውቃሉ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸሽ እንናገር። ፋሺስቶቹ ሙስሊሙን በማባበል ከወገኑ ሊነጥሉት ሞክረዋል፤ ሙሶሎኒ በ1937 ትሪፖሊ ላይ የእስልምና ሰይፍ የተባለ ጎራዴ አስቀርቦ ራሱን የሙስሊሞች ጠበቃ አድርጎ አሳይቷል። ግን በዚያችው ሊቢያ ሸኽ ዑመር ሙኽታርን በ1931 የሰቀለው ይኸው መንግሥት ነው። ያን ዘመቻ የመራው ግራዚያኒም አዲስ አበባ መጥቶ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሃይማኖት ሳይለይ የከተማዋን ሕዝብ አስጨፈጨፈ። በቆዳ ቀለም ሕግ የሚያወጣ መንግሥት ለአንዱ ጎሳ ወይም ለአንዱ እምነት ወዳጅ ሊሆን አይችልም። ሮቢንሰን ይህን ከሚሲሲፒ ይዞት የመጣ ትምህርት ነበር።

ሁለተኛው ምጽአት

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሮቢንሰንን እንደገና ጠሩት። በ1936 ዓ.ም. ጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን አብራሪዎችንና ቴክኒሻኖችን አስከትሎ መጣ። በጦርነቱ ጊዜ ለአሜሪካ ሠራዊት መካኒኮችን ሲያሠለጥን የቆየ በመሆኑ ልምዱ ጨምሯል። አውሮፕላን ከሌለ ማሠልጠን አስቸጋሪ ነው፤ እነሱ ግን ከጥቁር ሰሌዳ ጀመሩ። የሞተር ትምህርት፣ የአየር ሁኔታ፣ የካርታ ንባብ፣ ለአብራሪ የሚያስፈልግ እንግሊዝኛ። ከነጻነት በኋላ ለበረራ ከተዘጋጁት ወጣት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያዎቹ የወጡት ከእነዚህ ክፍሎች ነው። በኛ ግምት የሮቢንሰን ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ ከ1928ቱ በረራ ይልቅ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ወሬ እንምጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተመሠረተው ታህሳስ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ ውሉ ቀደም ብሎ በመንግሥትና ቲ.ደብሊው.ኤ በሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ መካከል የተፈረመ ነው። አምስት ሲ 47 አውሮፕላኖች ተገዙ፤ የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎችና ኃላፊዎችም አሜሪካውያን ነበሩ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው መደበኛ በረራ በአስመራ በኩል ካይሮ ደረሰ። ስለዚህ አየር መንገዱን ሮቢንሰን መሠረተው ማለት አይቻልም። ቀድሞ ያስተማረው ትውልድ ግን አቪዬሽን የነጭ ሥራ ነው የሚለውን አስተሳሰብ አፍርሶ ጠብቋል። ይህም ቢሆን ትንሽ ነገር አይደለም።

ያ ሲ 47 ለመርካቶ ነጋዴ ምን እንደነበር ማሰብ ይገባል። መቀመጫው እንደ ዛሬው ወደ ፊት የተደረደረ ሳይሆን ግራና ቀኝ በግድግዳው ጥግ የተዘረጋ አግዳሚ ነበር፤ መሐሉ ላይ ጭነት ይከመራል፣ ሰውም ጭነቱን እያየ ይጓዛል። ከድሬዳዋ ወደ ኤደን ጫት ያመላለሰውም እሱ ነው፤ ያንን በመኩራራት ባንጠቅሰውም። ከሁሉ በላይ ግን የሐጅ ጉዳይ አለ። ቀድሞ ከዚህ ሐጅ የሚሄድ ሰው በባቡር ጅቡቲ ወይም በየብስ ምፅዋ ወርዶ፣ መርከብ ጠብቆ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ነበር ጂዳ የሚደርሰው። ኑዛዜውን ጽፎ፣ ዕዳውን ከፍሎ፣ ዐውፍ ተባብሎ ነው የሚወጣው። አየር መንገዱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሐጅ ወቅት ልዩ በረራ ወደ ጂዳ ማድረግ ሲጀምር ያ የወራት ጉዞ የሰዓታት ሆነ። መነሻውም ሊደታ ነበር።

ሮቢንሰን ግን እስከ መጨረሻው በሰላም አልሠራም። በ1938 ዓ.ም. አካባቢ መንግሥት አየር ኃይሉን በአዲስ መልክ እንዲያደራጁ ስዊድናውያንን አመጣ፤ መሪያቸው ያ ቀደም ብለን የጠቀስነው ፎን ሮዘን ነበር። እሱም ለኢትዮጵያ ባለውለታ መሆኑን መካድ አይገባም፤ በ1928 መድኃኒት አመላልሷል፣ በኋላም በ1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ጎዴ ላይ ሕይወቱን አጥቷል። ነገር ግን ሁለት የለመዱ አዛዦች በአንድ ሜዳ አልተስማሙም። ነገሩ ወደ ጠብ አምርቶ ሮቢንሰን ለእስር እስከ መዳረግ ደረሰ፤ ከዚያም ከአየር ኃይሉ ሥራ ወጣ። አውሮፓውያኑ ቢሾፍቱን ያዙ። ብዙዎች ሮቢንሰን በዚህ ተቀይሞ ወደ አሜሪካ ይመለሳል ብለው ነበር። አልተመለሰም። አዲስ አበባ ቀረ፤ ማብረሩንም አላቆመም።

መጋቢት 1946 ዓ.ም. አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሲያበር ተከሰከሰ። አብሮት የነበረው ጣሊያናዊ መሐንዲስ ሞተ፤ እሱ በጽኑ ተቃጥሎ ሆስፒታል ገባ። መጋቢት 18 ቀን አረፈ። በጦርነት ያሳደዱት ሰዎች የአንዱ ወገን ልጅ በመጨረሻው በረራ አጠገቡ መቀመጡ የታሪክ ነገር ነው። የከተማው ሕዝብ ወጥቶ ሸኘው፤ ጉለሌ ተቀበረ። ለብዙ ዓመታት መቃብሩን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር።

ሮቢንሰን በሞተ በስምንት ዓመቱ፣ በ1955 ዓ.ም.፣ ጄት የሚያሳርፈው የቦሌ ሜዳ ሥራ ጀመረ፤ የሊደታው ሜዳ ለጄት አጭር ነበርና ዋናነቱን አስረከበ። በ1928 ከነበሩት አውሮፕላኖች መካከል አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያውያን ከጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ጋር የሠሯት ፀሐይ ብቻ ተርፋለች፤ ጣሊያን ወስዶ ሙዚየም አስቀምጧት ከሰማንያ ዓመት በላይ ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳለች።

በእነዚህ ሁሉ መካከል ደግሞ አንድ ቀን አለ። እ.ኤ.አ. በ1957፣ ሮቢንሰን በሞተ በሦስተኛው ዓመት፣ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የአየር መንገዱን አውሮፕላን በኃላፊነት ያበረረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በዚያን ጊዜ የአየር መንገዱ መናኸሪያ ገና ሊደታ ነበር።